የማኅበሩ መድን ከየትኛው ግድግዳ ላይ ያበቃል?

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዝተን ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። የወለሉን ሴራሚክ አስነሥተን እንጨት አስነጥፈናል፤ የወጥ ቤቱንም ካቢኔ እንደ አዲስ አሠርተናል። ባለፈው ወር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የውኃ ቱቦ ፈንድቶ ከሥሩ ያለችውን ጎረቤታችንን ቤት አጥለቀለቀው። እሷም ማኅበሩን ስትጠይቅ መድኑ የሕንፃውን እንጂ የእሷን ወለልና ዕቃ እንደማይመለከት ተነገራት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለቤቴ ‹ሕንፃው መድን ስላለው ለዕቃችን ብቻ እንግባ› ይላል። የጠየቅነው የመድን ድርጅት ደግሞ ሦስት አማራጭ ሰጥቶናል፤ አንደኛው ቃጠሎንና መብረቅን ብቻ፣ ሁለተኛው በተጨማሪ የውኃ ጉዳትንና ስርቆትን፣ ሦስተኛው ‹ማንኛውንም አደጋ› የሚሸፍን ነው። ዋጋቸው ይራራቃል። እኔ ቤት ውስጥ በሁለት የስፌት መኪና ልብስ እሰፋለሁ፤ የደንበኞች ጨርቅም እኔ ዘንድ ያድራል። የትኛውን እንምረጥ? በስንት ገንዘብስ እንግባ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሦስቱ አማራጮች አንዱን ከመምረጣችሁ በፊት በእጃችሁ ሊገባ የሚገባው አንድ ሰነድ አለ፤ እሱም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ለሕንፃው የገባው የመድን ውል ነው። ብዙ ሰው የመድን ድርጅቶችን ቅናሽና ጭማሪ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዓረቦኑን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ በማወዳደር ይጀምራል። ለብቻው በቆመ ቤት ይህ ላይጎዳ ይችላል፤ በጋራ ሕንፃ ውስጥ ግን የእናንተ መድን መጀመር ያለበት የማኅበሩ መድን ካበቃበት ቦታ ስለሆነ፣ ያንን ድንበር ሳያውቁ መግዛት አንድም በመካከል ክፍተት መተው፣ አንድም ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል። ስለዚህ የማኅበሩን ጸሐፊ የውሉን ሙሉ ቅጂ ከነተጨማሪ አንቀጾቹ፣ እንዲሁም የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ይጠይቁ። «መድን አለን» የሚል ደብዳቤ ወይም አንድ ገጽ የምስክር ወረቀት አይበቃም፤ ድንበሩ የተጻፈው በውስጥ ገጾቹ ነውና።

የማኅበር ውሎች በአጠቃላይ ሦስት ዓይነት ስፋት አላቸው። በጠባቡ ውል ማኅበሩ የሚያስገባው ምሰሶውን፣ የውጭ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ ደረጃውን፣ አሳንሰሩንና ሌላውን የጋራ አካል ብቻ ሲሆን፣ ከቤታችሁ ግድግዳ ልስን ወደ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ቀለሙ፣ ወለሉ፣ የውስጥ በሮቹ፣ ካቢኔው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ፣ የእናንተ ኃላፊነት ነው። በመካከለኛው ውል ሕንፃው ተሠርቶ ሲያልቅ በየቤቱ ውስጥ የነበረው ነገር ይሸፈናል፤ ባለቤቱ በኋላ ያሻሻለው ግን አይሸፈንም። በሰፊው ውል ደግሞ ባለቤቱ የጨመረውና የቀየረው ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነገር ጭምር ይገባል። በሦስቱም ዓይነት ውል ሶፋ፣ አልጋ፣ ልብስና የመሳሰለው ተንቀሳቃሽ ዕቃ በማኅበሩ መድን ውስጥ አይገባም።

ይህንን ወደ እናንተ ወለል ላምጣው። የማኅበሩ ውል ጠባብ ከሆነ እንጨቱ ሲበላሽ ማኅበሩ ምንም አይከፍልም። መካከለኛ ከሆነ የሚከፍለው እናንተ ያስነሣችሁትን የሴራሚክ ዋጋ ነው፤ በሴራሚኩና በእንጨቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከኪሳችሁ ትሸፍናላችሁ። ካቢኔውም እንደዚሁ ነው። ለዚህ ነው የባለቤትዎ ሐሳብ፣ ማለትም ለዕቃ ብቻ መግባት፣ ውሉን እስክታዩ ድረስ ሊጸና የማይችለው፤ ወለሉና ካቢኔው ዕቃም አይደሉም፣ የጋራ ሕንፃም አይደሉም፤ መሐል ላይ ቀርተዋል። በግል መድናችሁ ውስጥ «የቤት ማሻሻያዎች» ወይም «የውስጥ ግንባታ» በሚል ርዕስ ራሱን የቻለ የገንዘብ መጠን ተጽፎላቸው መግባት አለባቸው። ለሠራተኛ የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የእንጨቱን ግዢ ማስረጃ ካላጠፋችሁ ዛሬውኑ አንድ ላይ አስቀምጡት። የጎረቤትዎም ነገር እዚሁ ላይ የተያዘ ይመስለኛል፤ የማኅበሩ ውል ጠባብ ከሆነ የተሰጣት መልስ ትክክል ነው፤ መካከለኛ ወይም ሰፊ ከሆነ ግን ስለ ወለሏ የተነገራት ነገር ስሕተት ሊሆን ስለሚችል ውሉን ሳታነብ ተስፋ እንዳትቆርጥ ይንገሩልኝ።

የካሣ ጥያቄዎችን በመመርመር ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ከእሳት ይልቅ ያስቸገረኝ ውኃ ነበር። እሳት የገባበት ቤት ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። ውኃ የገባበት ቤት ግን በመጀመሪያው ቀን ሲታይ እንጨቱ ተወልውሎ ደርቆ፣ ጣሪያው ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ምልክት ብቻ ይታያል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የየጣውላው ጠርዝ ወደ ላይ ይነሣል፤ ባዶ እግር ሲሄዱበት እንደ ጎድን አጥንት ይሻክራል፤ ካቢኔው ከሥሩ ያብጥና በሩ አልዘጋም ይላል፤ የሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል። በመጀመሪያው ቀን «ደረቀ፣ ተመስገን» ብለው አነስተኛ ካሣ ተቀብለው የመጨረሻ ስምምነት የፈረሙ ሰዎች ተመልሰው ሲመጡ ማየት ያሳዝነኝ ነበር። ከእናንተ በላይ ቤት ካለ፣ ወይም በግድግዳችሁ ውስጥ የሌሎችን ውኃ የሚያወርድ ቧንቧ ካለ፣ የውኃ ጉዳት የሌለበትን የመጀመሪያውን አማራጭ ከምርጫው አውጡት። ዋጋው ርካሽ የሆነው በጋራ ሕንፃ ውስጥ ደጋግሞ የሚደርሰውን አደጋ ስለተወ ነው።

«የውኃ ጉዳት» የሚለው ቃልም ቢሆን ሁሉንም ውኃ አያካትትም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በድንገት የፈነዳ ቱቦ ወይም ሞልቶ የፈሰሰ ታንከር አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል። ለወራት ጠብ ጠብ ሲል ቆይቶ ግድግዳ ያበሰበሰ ፍሳሽ ግን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ጥገና ጉድለት ስለሚታይ አይሸፈንም። ከፍሳሽ መስመር ተመልሶ በመጸዳጃ ቤት በኩል የሚገባ ቆሻሻ ውኃ ብዙ ጊዜ ለብቻው በተጨማሪ አንቀጽ የሚገዛ ነው። ከውጭ የሚመጣ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥም በብዙ ውሎች ከሽፋን ውጭ ተደርገው ለብቻቸው ይሸጣሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ጎርፍ ላያሰጋችሁ ይችላል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ፎቅ አይመርጥም፤ ስለዚህ የምትኖሩበት አካባቢ የሚያሰጋ ከሆነ የማኅበሩ ውልም የእናንተም ውል ስለዚህ ምን እንደሚል አብራችሁ ተመልከቱ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው አማራጭ መካከል ያለው ልዩነት ከዋጋው በላይ የሆነ ትርጉም አለው። አደጋዎችን በስም በሚዘረዝር ውል ውስጥ ጉዳቱ ከተዘረዘሩት በአንዱ መድረሱን ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው። «ማንኛውም አደጋ» በሚለው ውል ውስጥ ግን ጉዳት መድረሱን ካሳያችሁ በኋላ፣ ጉዳዩ ከሽፋን ውጭ መሆኑን ማስረዳት የመድን ሰጪው ሥራ ይሆናል። ስሙ ግን አያታልላችሁ፤ እርጅና፣ ዝገት፣ ምስጥ፣ ጦርነት፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጉዳትና የመሳሰሉት በዚያም ውስጥ አይሸፈኑም። ሁለቱን ስታወዳድሩ የሚሸፈነውን ዝርዝር ትታችሁ የማይሸፈነውን ዝርዝር አንብቡ፤ ሦስተኛው አማራጭ የጨመረላችሁ ምን እንደሆነ በትክክል የሚታየው እዚያ ነው።

ወደ ገንዘቡ መጠን ልግባ። «በስንት እንግባ» ለሚለው ጥያቄ የሰው ግምት ሁልጊዜ ያንሳል፤ ምክንያቱም ሲጠየቅ የሚያስበው ቴሌቪዥንን፣ ፍሪጅንና ሶፋን ነው። እስቲ አንድ ቁም ሳጥን ብቻ ከፍተው ይቁጠሩ፦ ሁለት ካፖርት፣ የባለቤትዎ ሱፍ ልብሶች፣ ለሠርግና ለበዓል የሚወጡ ልብሶች፣ ከታች አራት አምስት ጥንድ ጫማ፣ ከላይ ብርድ ልብስና አንሶላ፣ ጥግ ላይ ሻንጣ። እያንዳንዱን ዛሬ ከሱቅ ቢገዙት ስንት እንደሚያወጣ ጽፈው ይደምሩት። የአንዱ ቁም ሳጥን ድምር ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ሲበልጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንዲሁ ክፍል በክፍል፣ መሳቢያ በመሳቢያ እየከፈታችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር አቅርባችሁ አንሱ። ይህን ቅጂ ከቤት ውጭ፣ በኢሜይል ወይም በዘመድ እጅ አስቀምጡ፤ ዝርዝሩ ከዕቃው ጋር ቢቃጠል ዋጋ የለውም።

ዋጋውን በምትጽፉበት ጊዜ ውሉ የሚከፍለው አዲስ መተኪያ ዋጋን ነው ወይስ የእርጅና ቅናሽ የተደረገበትን ዋጋ የሚለውን አረጋግጡ። የስድስት ዓመት ፍሪጅ ቢቃጠል በመጀመሪያው ዓይነት ውል ተመሳሳይ አዲስ ፍሪጅ ይገዛላችኋል፤ በሁለተኛው ግን ከስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ የቀረው ዋጋ ብቻ ይሰጣችኋል፤ በእሱም አዲስ አይገዛበትም። በዓረቦን የሚለያዩት በጥቂቱ ከሆነ እኔ ያለ ማመንታት አዲስ መተኪያውን እመርጣለሁ፤ በተለይ ለወለሉና ለካቢኔው፤ ግማሽ ወለል የሚያነጥፍ ሠራተኛ የለምና።

ከትክክለኛው ዋጋ በታች መግባት የሚያስከትለውን ነገር በቁጥር ላሳይዎ። የቤት ዕቃችሁ እውነተኛ ዋጋ 100 ሆኖ ሳለ ዓረቦን ለመቆጠብ በ60 አስገባችሁት እንበል። ከዚያ ግምቱ 30 የሆነ ዕቃ ተቃጠለ። 30ው ከ60 ስለሚያንስ ሙሉውን የምታገኙ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን በብዙ የንብረት መድን ውሎች ውስጥ የተመጣጣኝ ካሣ አንቀጽ አለ፤ ንብረቱን ከመቶ ስድሳውን ብቻ ስላስገባችሁ ከጉዳቱም የሚከፈላችሁ ከመቶ ስድሳው፣ ማለትም 18 ብቻ ይሆናል። ከዚያ ላይ ደግሞ ተቀናሹ፣ ማለትም በውሉ መሠረት ከየጉዳቱ እናንተ ራሳችሁ የምትሸከሙት ገንዘብ፣ ይነሣል። በተቃራኒው ከዋጋው በላይ ማስገባትም ሆነ ለአንድ ዕቃ ሁለት ድርጅት ዘንድ መድን መግባት ትርፍ የለውም፤ የንብረት መድን መሠረቱ የደረሰውን ጉዳት መካስ እንጂ ማበልጸግ ስላልሆነ፣ ሁለቱ ድርጅቶች አንዱን ካሣ ይካፈሉታል።

ወርቅ፣ ጌጣጌጥ፣ ጥሬ ገንዘብና ውድ ካሜራ ካላችሁ፣ ጠቅላላው ሽፋን ሰፊ ቢሆንም ለእነዚህ ብቻ የተቀመጠ አነስተኛ የክፍያ ጣሪያ መኖሩ የተለመደ ነው። ከጣሪያው የሚያልፍ ነገር ካለ በግምት ሰነድ አስደግፋችሁ በስሙ አስመዝግቡት።

አሁን ወደ ስፌቱ ልምጣ፤ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት ይህ ነገር ከሁሉ የበለጠ ያሳስበኛል። የመኖሪያ ቤት መድን የተሰላው ለመኖሪያ ነው። የንግድ ሥራ መሣሪያ፣ የሸቀጥ ክምችትና የሌላ ሰው ንብረት አብዛኛውን ጊዜ ከውሉ ውጭ ናቸው፤ ቢገቡም በጣም ዝቅተኛ በሆነ ጣሪያ ነው። ስለዚህ መኪናዎቹ፣ እርስዎ ዘንድ ያደረው የደንበኛ ጨርቅ፣ እንዲሁም ልክ ለመለካት መጥታ ደጃፍዎ ላይ የወደቀች ደንበኛ፣ ሦስቱም ለየብቻ ጥያቄ ናቸው። ሥራውን ሳይናገሩ ውል መፈረም ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ የጋለ ካውያና የጨርቅ ክምር ያለበት ቤት የእሳት ሥጋቱ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ መድን ሰጪው ይህን ሳያውቅ የተቀበለውን ውል በካሣ ጊዜ ሊያፈርሰው ይችላል። ሎርድ ማንስፊልድ የተባሉት የእንግሊዝ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1766 በካርተርና በቦህም ጉዳይ ላይ እንዳስረዱት፣ የሥጋቱን ልዩ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው መድን ገቢው ብቻ ነው፤ መድን ሰጪው በእሱ ቃል ተማምኖ ይዋዋላል። የብዙ አገር የመድን ሕግ ዛሬም በዚህ ዙሪያ የቆመ ነው። በማመልከቻው ቅጽ ላይ የሥራውን ዓይነት፣ የመኪናዎቹን ብዛትና የደንበኞች ንብረት መኖሩን በጽሑፍ ይግለጹ፤ ዓረቦኑ በጥቂቱ ቢጨምር እንኳ ይቀበሉት። ምናልባት ለሥራው የተለየ አነስተኛ ውል ይሰጥዎ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ በምንም ምክንያት እንዳይተው የምለምነው የኃላፊነት መድን ነው። እስካሁን ያሰባችሁት ሌላው ሰው በእናንተ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ የእናንተ ቱቦ ቢፈነዳ ከሥር ሦስት ቤት አለ። ጉዳቱ በእናንተ ቸልተኝነት የደረሰ ከሆነ የሦስቱም ጣሪያ፣ ወለልና ዕቃ ሊጠየቅባችሁ ይችላል። ጎረቤታችሁ የራሷ መድን ኖሯት ድርጅቷ ቢክሳት እንኳ ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ የካሳት ድርጅት በእሷ እግር ተተክቶ ገንዘቡን ከእናንተ መጠየቅ ይችላል። የራሳችሁ ዕቃ የሚያስከፍላችሁ ቢበዛ የዕቃውን ዋጋ ነው፤ ለሌላው የምትከፍሉት ግን ወሰኑን አታውቁትም። ስለዚህ የዚህን ሽፋን ጣሪያ ከፍ ማድረግ ለትንሽ ዓረቦን ብዙ የሚያስገኝ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄም ልጨምር፦ አደጋ በደረሰ ሰዓት በደረጃው ላይ «አይዞሽ፣ ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ» ማለት የጎረቤት ወግ ቢሆንም፣ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ኃላፊነት ማመንን የሚከለክል አንቀጽ በብዙ ውሎች ውስጥ አለ። ውኃውን ዝጉ፣ ዕቃ በማንሣት እርዷት፣ ለድርጅታችሁ በዚያው ቀን አሳውቁ፤ ስለ ክፍያ ግን እነሱ ይናገሩ።

ማኅበሩም ራሱ ወደ እናንተ የሚመለስበት መንገድ አለ። የማኅበሩ መድን ተቀናሽ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ነው፤ መተዳደሪያ ደንቡ ይህንን ተቀናሽ ጉዳቱ በተነሣበት ቤት ባለቤት ላይ ሊጥል ወይም ለሁሉም አባላት ሊያከፋፍል ይችላል። ጉዳቱ ከማኅበሩ ሽፋን ጣሪያ ሲያልፍም የቀረው በአባላት ላይ ይመደባል። ለዚህ «የማኅበር መዋጮ ሽፋን» የሚባል ተጨማሪ አንቀጽ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ፤ ካለ ግዙት፤ መጠኑም ከማኅበሩ ተቀናሽ ላይ ከሚደርሳችሁ እንዳያንስ። ሆኖም ይህ ሽፋን የሚሠራው መዋጮው በመድን በሚሸፈን አደጋ ምክንያት ሲመጣ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2021 በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ የተደረመሰውና 98 ሰዎች ያለቁበት ባለ 12 ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ባለቤቶች ከአደጋው በፊት ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ለሚጠጋ ጥገና እንዲያዋጡ ተወስኖባቸው ነበር። ለዓመታት ለተዘገየ ጥገና የሚጠየቅ መዋጮን የሚከፍል መድን የለም፤ ለዚያ መፍትሔው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ መገኘትና የጥገና መጠባበቂያው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ቤቱ እስኪጠገን ሌላ ቦታ ለምትከራዩበት የሚከፍለው ሽፋን በውሉ ውስጥ መኖሩን፣ ለስንት ወር እንደሆነም ተመልከቱ። የባንክ ብድር ካለባችሁ ባንኩ ያስገባችሁ መድን ቢኖርም የሚጠብቀው መያዣውን እንጂ ልብሳችሁንና የስፌት መኪናዎቹን አይደለም። ቤቱ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ወይም ከ60 ቀን በላይ፣ ሰው ሳይኖርበት ከቆየ አንዳንድ ሽፋኖች ስለሚቋረጡ ረጅም ጉዞ ስታስቡ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

እንግዲህ ምርጫውን እንዲህ አየዋለሁ። የማኅበሩ ውል ጠባብ ወይም መካከለኛ ከሆነ ሁለተኛውን አማራጭ ያዙ፤ በእሱም ላይ የቤት ማሻሻያውን፣ ከፍ ያለ የኃላፊነት ሽፋንን፣ የማኅበር መዋጮውንና የስፌቱን ጉዳይ በተጨማሪ አንቀጽ አስገቡ። ዓረቦኑ ከአቅም በላይ ከሆነባችሁ ከእነዚህ አንዱን ከመሰረዝ ይልቅ ተቀናሹን ከፍ አድርጉ፤ የተሰበረ መስታወትን ከወር ገቢ መተካት ይቻላል፤ የሦስት ቤት ወለልን ግን አይቻልም። ተቀናሹ ግን በአንድ ጊዜ ሳትበደሩ ልትከፍሉት ከምትችሉት ገንዘብ እንዳይበልጥ። ሦስተኛው አማራጭ የሚጠቅመው እነዚህ ሁሉ ተጨምረው ገንዘብ ከተረፋችሁ፣ ወይም በዋጋ ከሁለተኛው ብዙም ካልራቀ ነው። የማኅበሩ ውል ሰፊ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የባለቤትዎ ሐሳብ በአብዛኛው ትክክል ይሆናል፤ በዋናነት ለዕቃ፣ ለኃላፊነትና ለስፌቱ ገብታችሁ የማሻሻያውን መጠን ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ለድርጅቱ በጽሑፍ ሁለት ጥያቄ ላኩ፦ ከላይ ባለው ቤት ቱቦ ፈንድቶ የእንጨት ወለላችን ቢበላሽ ምን ያህል ትከፍላላችሁ? የደንበኛ ጨርቅ ቢቃጠልስ? በቃል «አይጨነቁ፣ ይሸፈናል» የሚለው መልስ በካሣ ጊዜ አያስረዳም፤ የጽሑፍ መልሳቸውን ከውሉ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡት። የልብስ ማጠቢያችሁ የላስቲክ ቱቦ ከሆነ ደግሞ መድኑ እስኪጸና ድረስ በብረት ሽቦ በተጠለፈው ቱቦ አስቀይሩት፤ ከቤት ስትወጡም የማሽኑን ቧንቧ ዝጉት።